በአማርኛ ሳይንስ ፊክሽን ለምትጽፉ፦ ትዋይን፣ ኢንክና አቶሚክ ሮኬትስ እንዴት ናቸው

አንባቢው እራሱ እየመረጠ የሚሄድበት ታሪክ፣ በተለይ ሳይንስ ፊክሽን፣ በአማርኛ መጻፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ቀጥታ ልንገራችሁ፣ ትዋይን በሚባለው የታሪክ መጻፊያ ፕሮግራም ጀምሩ። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላ ልመክር እችል ነበር፣ ለኛ ቋንቋ ግን እስካሁን ካየኋቸው እንደሱ የሚመች የለም።

ትዋይን ክሪስ ክሊማስ የሚባል ሰው በ2009 ያወጣው ነው፣ ነጻ ነው፣ ኦፕን ሶርስ ነው፣ አካውንት ክፈቱ ምናምን አይልም። ብሮውዘር ላይ ስትከፍቱት ባዶ ሰሌዳ ይመጣል፣ እያንዳንዱ የታሪኩ ክፍል አንድ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ዝም ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ምርጫ መስጠት ስትፈልጉ ደግሞ [[በሩን ልክፈት]] ብላችሁ በድርብ ካሬ ቅንፍ ስታስገቡት በዛ ስም አዲስ ሳጥን ይፈጠርና በቀስት ይያያዛል። በቃ። ኮድ ነክቶ የማያውቅ ሰው በዚህችው ብቻ አጭር ታሪክ ይጨርሳል። የሳጥኑም ስም የውስጡም ጽሑፍ በፊደላችን ሲሆን ምንም አይለውም።

አማርኛ ላይ ቶሎ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። እንዲህ አይነት ታሪክ አንባቢውን እያናገረ ነው የሚሄደው፣ እኛ ጋ ደግሞ "በሩን ከፈትክ" ብለህ ከጻፍክ አንባቢዋ ሴት ስትሆን ገና ከመጀመሪያው መስመር ታሪኩ የሷ አይደለም። አንዱ መፍትሄ መጀመሪያ ላይ ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ ጠይቆ መልሱን ቫሪያብል ላይ (ፕሮግራሙ መልሱን በስም የሚያስታውስበት ቦታ ማለት ነው) ማስቀመጥ ነው፣ ትዋይን ይሄን ይችላል፣ ግን ግስ በመጣ ቁጥር ከፈትክ ከፈትሽ፣ ሄድክ ሄድሽ እያላችሁ ሁለቱንም መጻፍ ነው፣ ረጅም ታሪክ ላይ ያደክማል። እኔ የምመክረው በ"እኔ" መጻፍ ነው። "በሩን ከፈትኩ" ወንድም ይለዋል ሴትም ትለዋለች፣ ምርጫዎቹም "ልግባ"፣ "ልመለስ"፣ "ዝም ልበል" ሲሆኑ ሰው ለራሱ የሚያወራው ነው የሚመስሉት፣ የምር ያምራል። ሌሎቹ ገጸ ባህሪያት ሲያናግሩትስ ካላችሁ ዋናውን ሰው የመርከቧ አዛዥ አድርጉትና "እርስዎ" ይበሉት፣ አንቱታው ጾታውንም ፈታው ማለት ነው።

ሌላው የምወድለት ነገር ሲያልቅ የሚወጣው አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ብቻ መሆኑ ነው፣ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ በጣም ትንሽ ነው፣ በቴሌግራም ትልኩታላችሁ፣ ተቀባዩ ዳውንሎድ አድርጎ ብሮውዘር ላይ ሲከፍተው ዳታ ባይኖረውም ይሠራል። ኢንተርኔት እየቆጠበ ለሚጠቀም አንባቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሊንክ ብቻ መላክ ለሚፈልግ ደግሞ ኢች የሚባለው ሳይት ላይ በነጻ መጫን ይቻላል።

ግን አደራ፣ ብሮውዘር ላይ የሚጻፈው ትዋይን ታሪካችሁን የሚያስቀምጠው እዛው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው፣ ሰርቨር ላይ የሚሄድ ነገር የለም። ሂስትሪና ዳታ አጸዳለሁ ብላችሁ ከጠረጋችሁት ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚ ወይ የኮምፒውተሩን አፕ ጫኑ ወይ ጽፋችሁ በተነሳችሁ ቁጥር አርካይቭ የሚለውን ተጭናችሁ ኮፒ አስቀሩ። ትዋይን ውስጥ ካሉት የታሪክ ፎርማቶች ሹገርኪዩብ የሚባለውን የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ የቫሪያብል ስም በላቲን ፊደል ይሁን፣ በግዕዝ አይቀበልም።

ታሪኩ ሲረዝም ግን ሰሌዳው በቀስት ይሞላና የቱ ከየት እንደመጣ መከተል ይከብዳል። እዛ ላይ ኢንክ ይሻላል። ኢንክል የሚባለው የእንግሊዝ ጌም ስቱዲዮ ለራሱ ሠርቶት በ2016 ለሁሉም ነጻ ያደረገው ነው፣ ኢንኪ በሚባል ኤዲተር ከላይ ወደ ታች እንደ ድራማ ጽሑፍ ትጽፋላችሁ፣ መስመሩ ላይ ኮከብ ካደረጋችሁ ምርጫ ይሆናል፣ ከጎን ደግሞ ወዲያው እያነበባችሁ ትሞክሩታላችሁ። በጣም ጥሩው ነገር የተበተኑትን መንገዶች መልሶ መሰብሰብ ቀላል መሆኑ ነው። መሰብሰብ ደግሞ ግዴታ ነው፣ ሁለት ሁለት ምርጫ ለ10 ደረጃ ብትሰጡና ምንም ባትሰበስቡ 1024 መጨረሻ መጻፍ አለባችሁ፣ ማን ይጽፈዋል? የክፍሎቹን ስም እዚህም በላቲን አድርጉት፣ ጽሑፉ ግን በአማርኛ ችግር የለውም።

ኢንፎርም የሚባለውን ለአማርኛ አልመክርም። አንባቢው ትእዛዝ ታይፕ የሚያደርግበት ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚፈታው ደግሞ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው፣ ግስ መጨረሻ የሚመጣበትና "በሩን" ላይ "ን" የምትለጠፍበት ቋንቋ እንዲገባው ማድረግ እራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ። አቶሚክ ሮኬትስ ዊንቸል ቹንግ የሚባል ሰው ለብዙ ዓመት የሠራው ሳይት ነው፣ የድሮ ሳይት ነው የሚመስለው፣ ገጹ ማለቂያ የለውም፣ ሒሳብ ይበዛበታል፣ እንግሊዝኛ ካልቻላችሁም ይከብዳል። ግን ስለ ጠፈር መርከብ ለሚጽፍ ሰው ሀብት ነው። ለምሳሌ ጠፈር ይቀዘቅዛል ብለን መርከቧ ውስጥ ሰው እየበረደው እንጽፋለን አይደል፣ ትልቁ ጭንቀት ግን ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው፣ አየር ስለሌለ ሙቀቱ የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው፣ ስለዚ መርከቧ ሰፋፊ ራዲያተር መዘርጋት አለባት። ይሄን ስታውቁ ምርጫው እራሱ ይመጣል፦ ፍርስራሽ እየመጣ ነው፣ ራዲያተሩን ልጠፈውና ሙቀቱን ልቻል ወይስ ተዘርግቶ ይመታ? ወይ ደግሞ በሚሽከረከር ጣቢያ ሰው ሠራሽ ስበት ልትፈጥሩ ነው እንበል፣ በደቂቃ 2 ዙር ብቻ እየዞረ የምድርን ያህል ስበት እንዲሰጥ ራዲየሱ 224 ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከዛ ያነሰ ጣቢያ ከጻፋችሁ ወይ ስበቱ ይቀንሳል ወይ ቶሎ ቶሎ ይዞርና ሰዎቻችሁን ራሳቸውን ያዞራቸዋል።

ማርስም እንደዛው፣ መልእክት ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በአንድ በኩል ብቻ። ማርስ ላይ ያለች ልጅ እናቷ ጋ ደውላ ሃሎ ሃሎ ልትል አትችልም፣ ትልካለች፣ ትጠብቃለች፣ መልሱ ሳይመጣ መወሰን አለባት። እንዲህ አይነቱን ታሪክ አንባቢ እየመረጠ ቢሄድበት በጣም ነው የሚይዘው።

የሌላ ሰው ሥራ አይቶ ለመማር አይኤፍዲቢ የሚባለው ሳይት ላይ ግቡ፣ የእንዲህ አይነት ታሪኮች ካታሎግ ነው፣ ከነአስተያየቱ አለ። አይኤፍኮምፕ የሚባለው ውድድር ደግሞ ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፣ የሚቀርቡትን በነጻ ማንበብ ይቻላል፣ ዳኛ የሚሆነው ማንም አንባቢ ሲሆን ነጥብ የሚሰጠው በመጀመሪያ 2 ሰዓት ውስጥ ባነበበው ነው፣ ስለዚ ብዙዎቹ አጠር ያሉ ናቸው፣ ለጀማሪ ልክ ነው።

ለትዋይን ከ5 ኮከብ 5 እሰጣለሁ፣ ለኢንክ 4፣ ለአቶሚክ ሮኬትስም 4፣ የቀነስኩት ለአነባበቡ ነው እንጂ ለይዘቱ አይደለም። በአማርኛ የሠራችሁት ካለ ፋይሉን ኮሜንት ላይ ጣሉት፣ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፣ አስተያየትም እጽፍላችኋለሁ።