ድንክ አይጥ ወይስ ነጭ አይጥ? ጂማ ላለ ቤት የትኛዋ ትሻላለች

«ሰው አይጥ ለማጥፋት ብር ያወጣል፣ አንተ ደግሞ ለመግዛት?» አለችኝ አክስቴ፣ የመስታወት ሳጥኑን ታቅፌ ስገባ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን ሁለቱንም አሳድጌ አይቻለሁና ለገዢ የሚሆን ነገር አለኝ።

ድንኳ ከሰሃራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል ተወላጅ ናት። ካደገች በኋላ እንኳ ክብደቷ ከ3 እስከ 12 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሏት። ነጯ ከ20 እስከ 40 ግራም ትደርሳለች፤ ከድንኳ ጎን ላም ትመስላለች።

ነጯ ስትለምድ ከመዳፍ ላይ ሱፍ ትበላለች፣ እጅጌ ውስጥ ትገባለች። ድንኳ ግን ለመያዝ አትሆንም። ትዘላለች፣ ትፈተለካለች፣ ትንሽ ጠበቅ ካደረጓት ደግሞ ትጎዳለች። እንደ ዓሣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ቤት ውስጥ «ልያዛት» የሚል ሕፃን ካለ አታስቡ፣ ነጯን ግዙ።

ማደሪያቸውም ይለያያል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድንኮች በሽቦ ጎጆ አሳደርኳቸው። ጠዋት ጎጆው ባዶ! ሁለቱን ከዱቄት ጣሳው ኋላ አገኘኋቸው፣ በሦስተኛዋ የጎረቤት ድመት ቀደመችኝ። ለድንኳ መስታወት፣ ከላይ ደግሞ እንደ ወንፊት የጠበቀ ክዳን ያስፈልጋል። ለነጯ ሽቦው ጠበብ ያለ ጎጆ ይበቃል።

የጂማ ቀን ሞቃት ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ሌላ ነው። ነጯ ሰጋቱራ ውስጥ ተጠቅልላ ታድራለች። ለድንኳ የሚመቻት 24 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሲበርዳት ፍዝዝ ብላ የሞተች ትመስላለች። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ ከሳጥኑ ውጪ አስጠጋላት ነበር። ሰጋቱራ በርጩማ ሠሪዎች ዘንድ ሞልቷል፤ የጥድ ከሆነ ግን አትውሰዱ፣ ሽታው መተንፈሻቸውን ይጎዳል። የተቀዳደደ ሶፍት ይሻላል።

ምግብ ላይ ድንኳ ታሸንፋለች። ጤፍና ዳጉሳ፣ አልፎ አልፎም ትንንሽ ነፍሳት ይበቋታል። ዱር ያሉት ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ጠጠር ከምረው ያረፈበትን ጤዛ ይልሳሉ ይባላል። እኔ ውሃ በጠርሙስ ክዳን ነበር የማቀርበው።

ሽታ ላይም እንዲሁ። የነጭ አይጥ ወንዱ ይከረፋል፤ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ሁለት ሦስት ሴት አይጦች ብቻ ውሰዱ። ወንድና ሴት ካቀላቀላችሁ በ3 ሳምንት ጎጆው በግልገል ይሞላል።

የሁለቱም ዕድሜ 2 ዓመት ገደማ ስለሆነ ሻጩን መቼ እንደተወለዱ ጠይቁት። ከማሳ የተያዘች ከሆነች በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ስትተነፍስ የምታንቋርር ከሆነችም እዚያው ተዉለት።