ዴይራ ወይስ ሻርጃ? ዱባይ ሥራ ላገኘ ሰው የመኖሪያ ምርጫ

ዱባይ ሥራ ያገኘ ሰው ቤት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያመነታው በነባሩ የዴይራ ሰፈርና በጎረቤት ከተማ በሻርጃ መካከል ነው። የሻርጃ ኪራይ ስለሚረክስ ቤተሰብ ይዞ ለመጣ ሰው ይሻላል። ነገር ግን ሻርጃ ሜትሮ የላትም፤ ጠዋት ወደ ዱባይ የሚወስደው የአል ኢቲሃድ መንገድም በመኪና ስለሚጨናነቅ፣ ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ በእንቅልፍና በጉልበት ይከፈላል። በዴይራ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ቀዩ የሜትሮ መስመርና በ2011 የተከተለው አረንጓዴው በዩኒየን ጣቢያ ስለሚገናኙ፣ መኪና የሌለው ሠራተኛ የጉዞ ሒሳብ የሚከፈልበትን የኖል ካርዱን መግቢያው ላይ አስነክቶ ያለ ሥጋት በሰዓቱ ይደርሳል፤ ማታም እንጀራ የሚበላበት ቤት አያጣም። ብቻውን የመጣ ሰው፣ ክፍሉ ቢጠበውም፣ መጀመሪያ ዴይራ እንዲቀመጥ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የኪራይ ውሉ በኢጃሪ (በዱባይ መንግሥት የኪራይ ውል መመዝገቢያ ሥርዓት) የሚመዘገብ መሆኑን ግን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ያረጋግጥ።