ፀሐይ ሳትጠልቅ የሌሊት ሂሳብ

ቫኔን ጎትተው ለወሰዱት ሰዎች ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ መስታወቱ ጀርባ ለተቀመጠው ልጅ ነው። ሌላው ለደረሰኛቸው፤ ሰዓቱን በትክክል ስለጻፉበት። የቀሩት ሦስቱ የት እንደገቡ አሁን እነግራችኋለሁ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም። ምግብ ቤት ቢሆን «እዚያ እንዳትሄዱ» እል ነበር። ይሄ ግን ማንም አስቦበት የሚሄድበት ቤት አይደለም። መኪናችሁ ትቀድማለች፣ እናንተ ትከተላላችሁ።

እኔ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ለሰባት ሱቆች አቀርባለሁ። አስር አስር አሽጌ፣ በአሮጌ ነጭ ቫን ጭኜ እዞራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጨረሻ ማራገፊያዬ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ነው፣ ኮሎምቢያ ፓይክና ሩት ሰቨን የሚገናኙበት። የሐበሻ ሱቅ የማያጣው ሰፈር ነው፤ ፓርኪንግ ግን የለውም።

የፍልሰታ ሰሞን ነበር። በጾም እንጀራ ይፈለጋል፣ እኔም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ በእግሬ ቆሜያለሁ። እንደ ሁልጊዜው ሱቁ ፊት ለፊት አቆምኩና ሃያ ጥቅል አስገባሁ። ሂሳብ ተሳሰብን። ከዚያ አንዲት ስንፍና ሠራሁ። መንገዱን ተሻግሮ፣ ሌላ ግቢ ውስጥ፣ አምስት ጥቅል የምትወስድ ደንበኛ አለችኝ። ለአምስት ጥቅል ቫኗን አስነስቼ፣ መብራት ጠብቄ፣ ዞሬ፣ ሌላ ቦታ ፈልጌ ላቁም? እንጀራውን ታቅፌ በእግሬ ተሻገርኩ።

አስራ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ቦታው ባዶ ነው። የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርታለች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሌባ ነው። ባለ ሱቁ በር ላይ ወጥቶ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። «ወስደውብሻል። ስትሻገሪ አይተውሽ ነው» አለኝ። ከዚያ በጣቱ ምልክቱን አሳየኝ። መግቢያው ላይ፣ ምሰሶ ላይ። ይሄ ፓርኪንግ ግቢው ውስጥ ላሉ ደንበኞች ብቻ ነው፣ ሌላው በባለቤቱ ወጪ ይነሳል ይላል፤ ከታች የጎታቹ ስልክ። ስድስት ዓመት በሥሩ አልፌ አንድም ቀን አላነበብኩትም።

ስለዚህ አንድ ነገር ከፊት ልናገር። ጥፋቱ የኔ ነው። ግቢውን ለቅቄ ወጥቻለሁ። በምልክቱ መሠረት እግሬ አስፋልቱን ሲረግጥ ደንበኝነቴ አብቅቷል። ቅሬታዬ ቫኔን ለምን አነሱ አይደለም።

በኡበር ሄድኩ፣ 18 ዶላር። ቦታው መጋዘኖች የሚበዙበት ጭር ያለ መንገድ ላይ ነው። የሽቦ አጥር፣ ከኮንቴይነር የተሠራ ቢሮ፣ ወፍራም መስታወት፣ ከታች እጅ የምታስገባ ቀዳዳ። መስታወቱ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል፣ ካርድ እንደሚቀበሉም ተጽፏል። ይሄን እወድላቸዋለሁ። ከኔ በፊት መሰላል የጫነ ፒካፕ የተወሰደበት ቀለም ቀቢ ነበር። በስፓኒሽ ስልክ እያወራ ከአንዱ ጓደኛው ገንዘብ ይለምናል። መቀመጫ የለም። ሽንት ቤት ብጠይቅ «ለሠራተኛ ብቻ» ተባልኩ። አንደኛው ኮከብ እዚያ ቀረ።

ተራዬ ደረሰ። ልጁ መታወቂያዬን አየና ስሜን አንብቦ ቀና አለ።

«ሐበሻ ነዎት?»

«ያሰራችሁብኝ እንጀራ ነው» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። «ይቅርታ እናቴ፣ እኔ እዚህ ጋ ብቻ ነው የምሠራው» አለ። አውቃለሁ ልጄ፣ ሁላችንም የሆነ ቦታ ጋ ብቻ ነው የምንሠራው።

ሂሳቡን አወጣ። መንጠቆና መጎተት 150። ቅዳሜ በመሆኑ 30። ማታ በመሆኑ 30። ድምር 210 ዶላር።

አሁን ወደ እቁባችን ልውሰዳችሁ። የእቁባችን ጸሐፊ ነገር የሚያነብ ሰው ነው። አምና አንዷ አባላችን መኪናዋ ቶው ተደርጎባት፣ ማለትም ተጎትቶባት፣ ስታለቅስ ጊዜ የቨርጂኒያን ሕግ ፈልጎ፣ በአማርኛ አሳጥሮ፣ ግሩፓችን ላይ ለቀቀው። ሕጉ ካውንቲው፣ ማለትም ከስቴቱ በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ የራሱን ልክ ካላወጣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ይናገራል። ለመጀመሪያው መጎተት ከ150 ዶላር አይበልጥም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ወይም ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ቀን ከተጎተተ ተጨማሪ 30። ጭማሪው ቢደራረብ ከሁለት አያልፍም። ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ደግሞ የማቆያ ክፍያ የለም። ያን ጊዜ «እሱ ደግሞ ሥራ ፈት» ብዬ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ስልኬ ላይ ቀርቶልኛል።

እናም 210 ሲለኝ ጣሪያውን አልጣሱም። ልክ ጣሪያው ላይ ነው የቆሙት። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከሱቁ ስወጣ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ነበረች።

«ሲያነሱ ያነሱትን ፎቶ አሳየኝ» አልኩት። ታብሌቱን አዞረልኝ። ቫኔ ቆማለች፣ ጎኗ በፀሐይ ያበራል። ጥግ ላይ ሰዓቱ አለ፤ 6:48። በኛ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስምንት።

«ማታው የትኛው ነው?»

«ሲስተሙ ነው የሚያስገባው።»

«ሲስተሙ መስኮት የለውም?»

ሳቁን ዋጠ። አለቃው ጋ ደወለና ስፒከር ላይ አደረገው። አለቅየው መኪናዋ ግቢያቸው የገባችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው አለ። ሕጉ የሚለው የተጎተተችበትን ሰዓት ነው፣ መንጠቆው ደግሞ በራሳችሁ ፎቶ በ6:48 ገብቷል አልኩት። ሲስተሙን ከሩቅ መቀየር አይቻልም አለ። እንግዲያው 210 ልክፈልና ደረሰኙን ከነፎቶው ለካውንቲው የሸማቾች ጉዳይ ቢሮ ልላከው አልኩ። ዝም አለ። ከዚያ «30ውን አንሳላት» ሲል ሰማሁ። የማይቀየረው ሲስተም በአንድ ደቂቃ ተቀየረ።

180 ከፈልኩ። ሁለተኛው ኮከብ ሃያ ደቂቃ ለፈጀው ክርክር ሄደ። ከኋላዬ ለተሰለፉት አዘንኩ። ቀለም ቀቢው የከፈለው ስንት እንደነበር አልጠየቅኩም፤ አሁን ይቆጨኛል። እሱም በቀን ነው የተነሳበት።

ሦስተኛው ኮከብ የድርጅቱ ብቻ አይደለም፣ የአሠራሩ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። እዚያ ቤት እኔ ደንበኛ አይደለሁም። ደንበኛው የሕንጻው ባለቤት ነው። ጎታቹን የመረጠው እሱ ነው፣ የተዋዋለው እሱ ነው፣ ከኪሱ ግን አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ከፋይዋ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አልመረጥኩም። እንጀራዬ ቢኮመጥጥ ባለ ሱቁ ሌላ ጋጋሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እጠነቀቃለሁ። ጎታቹን ማን ይቀይርብኛል ብሎ ይፍራ? ኢንተርኔት ላይ ሁለት መቶ ሰው አንድ ኮከብ ቢሰጠው ሕንጻው ጋ ያለው ውል አይነቃነቅም። እዚህ ሥራ ላይ ያለው ልጓም ደንቡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደንቡንም እንደ ሸቀጥ ልገምግመው። አራት ኮከብ ለመስጠት ከጅሎኝ ነበር። ዋጋው ተጽፏል፣ ሰዓቱ ተጽፏል፣ የመጀመሪያው ቀን ማቆያ ነጻ ነው። በሰላሳ ዶላርም ቢሆን ለኔ ሠርቶልኛል። ግን ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳውም በር ያህላል።

ያን ቀን ጎታቹን ደውሎ የጠራ ሰው የለም። ባለ ሱቁ አልጠራም። የሕንጻው ባለቤት በሕይወቱ ቫኔን አይቷት አያውቅም። ጎታቹ አንድ ጊዜ የተፈረመች ውል ይዞ ራሱ ይዞራል፣ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይፈርዳል፣ ራሱ ያነሳል። ከዚያ ራሱ ይቀበላል። በአንድ ሰው እጅ ይሄን ሁሉ ሥራ አስቀምጣችሁ ትዕግሥት ጠብቁ።

አርሊንግተን ካውንቲ ይሄን ቀዳዳ ልድፈን ብሎ ነበር። በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ላይ የካውንቲው ቦርድ፣ በሥራ ሰዓት ከንግድ ቦታ መኪና ሲነሳ የቦታው ሰው ለዚያች መኪና ለይቶ ይፈርም አለ። ሁለተኛ ፊርማ ይሉታል። በዓመቱ፣ 2017 ላይ፣ ሪችመንድ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት የሰሜን ቨርጂኒያ ካውንቲዎች እንዲህ ዓይነት ፊርማ እንዳይጠይቁ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ቀዳዳው ተከፍቶ ቀረ። ለኔ ጉዳይ ግን ያቺ ፊርማ ሁሉንም ነገር ትለውጠው ነበር። ባለ ሱቁ «እሷማ የኔ እንጀራ አቅራቢ ናት፣ አሁን ትመጣለች» ብሎ በሁለት ቃል ይመልሳቸው ነበር።

ሌላም አለ። የቨርጂኒያ ሕግ ካውንቲዎች የቶው ደንብ ሲያወጡ የሚያማክር ቦርድ ይኑራቸው ይላል። ቦርዱ ላይ ጎታቾችና ፖሊሶች እኩል ቁጥር ይዘው ይቀመጣሉ። ከሕዝብ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው። አንድ! እድራችን እንኳ ለድንኳን መግዣ ከዚህ የበለጠ ሰው ያማክራል።

ከፖቶማክ ማዶ ሜሪላንድ ትንሽ ጠበቅ ያለች ናት። የወንድሜ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚኖር ከዚያም ልምድ አለን። እዚያ ምልክቱ ቢያንስ 24 ኢንች ቁመትና 30 ኢንች ስፋት እንዲኖረው በሕግ ተቆርጧል። ጎታቹ ጥፋቱን የሚያሳይ ፎቶ ማንሳት ግዴታው ነው። ከሁሉ የወደድኩት ግን ጠቋሚ መቅጠር መከልከሉን ነው። ሥራው ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጦ ማን አጠፋ እያለ ለጎታች መደወል የሆነን ሰው መክፈል አይቻልም። ጠቋሚ የሚለው ቃል በኛ ትውልድ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። ሕጉን ሲያነብልኝ «አበጁ!» ብዬ ጮህኩ።

ለደንቡ ሦስት ኮከብ ሰጠሁ እንግዲህ። ከጎታቹ በአንድ ይበልጣል።

ጎታች ይጥፋ አልልም፣ ልብ በሉልኝ። ያው ባለ ሱቅ ራሱ ቅዳሜ ማታ የጎረቤት ምግብ ቤት ተስተናጋጆች ፓርኪንጉን ሞልተውበት ደንበኛ ሲመለስበት አይቻለሁ። አንዴ ጤፍ የጫነ መኪና ሁለት ሰዓት ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። እሱን ብትጠይቁት አምስት ኮከብ ይሰጣቸው ይሆናል።

ለምትሄዱ፣ ማለቴ ለምትወሰዱ፣ ጥቂት ነገር። መኪናችሁ ገና ከግቢው ሳትወጣ ከደረሳችሁ ይዞባችሁ መሄድ አይችልም፤ ከሙሉው ሂሳብ ያነሰ ክፍያ ሊጠይቃችሁ ግን ይችላል። ስለዚህ ሩጡ። መኪናዋን ካጣችኋት ለፖሊስ ደውሉ፣ ጎታቹ ማሳወቅ ስላለበት ማን እንደወሰዳት ይነግሯችኋል። ደረሰኝ ሳትይዙ፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሰዓት ሳታዩ አትውጡ። ከዚያ መስታወቱ ጀርባ ያለውን ልጅ አትሳደቡት። እሱ ሂሳብ አላወጣም። ለኔማ በሩን ሲከፍትልኝ ቀስ ብሎ «ፎቶውን መጠየቅዎ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው አይጠይቅም» አለኝ። ኮከቡን ያገኘው በዚህች ነው።

ቫኗን ሳስነሳት ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ኋላውን ስከፍተው የሞቀ አብሲት ሽታ ፊቴን መታኝ። በነሐሴ ሙቀት ተቆልፎበት የዋለ እንጀራ ላስቲኩ ውስጥ አልቦታል። ቫኗ ውስጥ ቀርቶ ከነበረው አስራ አምስት ጥቅል አስራ አንዱን እሑድ ጠዋት በቅናሽ ሰጠሁ። አራቱን ለሰው መስጠት ህሊናዬ አልፈቀደም፣ ቆራርጬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ድርቆሹ ጥሩ ወጥቷል። የምትፈልጉ ደውሉ፣ ቤቴ ፊት ለፊት ፓርኪንግ በነጻ ነው፤ ምልክትም የለው።