ኢስታንቡል ላይ የገዛሁት የሊፔዴማ «ፓኬጅ»

እህቶቼ፣ በተለይ አውሮፓ ያላችሁ፣ «ሆቴልና ትራንስፖርት ጨምሮ በአንድ ቀን እግርሽ ይስተካከላል፣ ዳግም አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እባካችሁ ቆም በሉ። እኔ ከፍራንክፈርት ኢስታንቡል ድረስ ሄጄ ተበልቻለሁ።

ሊፔዴማ በሁለቱም እግር እኩል፣ አንዳንዴም ክንድ ላይ የሚከማች ስብ ነው። ሲነኩት ያማል፣ ቶሎ ይበልዛል። ከቁርጭምጭሚት በታች ግን እግር ቀጭን ነው፤ አምባር የታሰረበት ይመስላል። ለዓመታት «እንጀራ ቀንሺ» ተባልኩ። ቀነስኩ። ፊቴ ከሳ፣ እግሬ ያው ነው። ስለዚህ የበሽታውን ስም የሚያውቅ ሰው ሳገኝ ወዲያው አመንኩ።

ሐኪሙን ያየሁት በቀዶ ሕክምናው (ሊፖሳክሽን፣ ስቡን በቀጭን ቱቦ መጥጦ ማውጣት) ዕለት ጠዋት ነው። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ጭኔ ላይ በማርከር አስምሮ ወጣ። በጣም የሚያመኝን ባቴን አልነካውም። በሦስተኛው ቀን፣ ደም ረግቶ ሳንባ ሊዘጋ እንደሚችል ማንም ሳይነግረኝ፣ አውሮፕላን ላይ ሰቀሉኝ። የሰጡኝ ኮምፕሬሽን (እግርን አጥብቆ የሚይዝ የሕክምና ልብስ) በልኬ አልነበረም፤ እየተጠቀለለ ጉልበቴን ሲቆርጠኝ ሰነበተ። ከስምንት ወር በኋላ ጭኔ ወጣ ገባ ሆኗል፣ ባቴም እንደበፊቱ ያመኛል። ስጠይቅ «እሱ ሁለተኛ ፓኬጅ ነው» አሉኝ።

ሕክምናው ራሱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ሊፖሳክሽን የተሠራላቸውን ሴቶች ሐኪሞች ለ12 ዓመት ተከታትለዋል፤ ሕመሙም እብጠቱም ቀንሶ ቆይቷል። ግን አንዴ ተነክቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ በዙር ነው የሚሠራው፣ አንዳንዶችም ከዚያ በኋላ ኮምፕሬሽን ይለብሳሉ። ሕመሙን ያቀላል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይኼ ነው። ጀርመን ውስጥ ክራንከንካሴ (የጤና መድኅን) ከ2020 ጀምሮ ሕመሙ ሦስተኛ፣ ማለትም የከፋው ደረጃ ለደረሰባቸው ብቻ ይከፍል ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስለነበርኩ አልደረሰኝም። በ2025 ግን ለሁሉም ደረጃ እንዲሆን ተወሰነ። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ መጀመሪያ ቢያንስ ስድስት ወር በኮምፕሬሽንና በመሳሰሉት ታክማችሁ በቂ ለውጥ ማጣት አለባችሁ። እዚህ ያላችሁ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የግድ ውጭ የምትሄዱ ከሆነ ስንት ዙር እንደሚሠራ፣ በአንድ ዙር ስንት ሊትር ስብ እንደሚወጣ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ማን እንደሚከታተላችሁ በጽሑፍ ይላኩላችሁ። የእኔው ደላላ ሁሉንም በድምፅ መልእክት ነበር የሚመልሰው። ገንዘቡ ከገባለት ወዲህ ስልኩን አንስቶልኝ አያውቅም።