ጊትሀብ አክሽንስ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሂሳብ ፕሮግራም የምንሠራ ሦስት ባለሙያዎች ነን፤ ቢሯችን ደብረ ማርቆስ ነው፣ ደንበኞቻችን ደግሞ ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም ባሉ ከተሞች የሚገኙ አነስተኛ ማኅበራት ናቸው። አዲስ ኮድ በገባ ቁጥር ፕሮግራሙን ከባዶ ገንብቶ ትክክል መሥራቱን የሚፈትኑትን ቴስቶች በራሱ የሚያስኬድ ሥርዓት፣ በሙያው ቋንቋ ሲአይ የሚባለውን ማለት ነው፣ ከዘረጋን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍነው ጄንኪንስን በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ ጭነን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምንሠራው ኮዳችንን የምናስቀምጥበት ጊትሀብ የተባለው ድረ ገጽ ለዚሁ ሥራ በሚሰጠው አገልግሎት፣ በጊትሀብ አክሽንስ ነው።

ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሀድሰን ከተባለው ፕሮጀክት ተገንጥሎ የወጣ፣ በጃቫ የሚሠራና ገንዘብ የማይጠይቅ ሶፍትዌር ነው፤ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። መብራት ሲጠፋ የተጀመረው ቢልድ፣ ማለትም ግንባታው፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ኮምፒውተራችን ከውጭ የሚደረስበት የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሌለው «አዲስ ኮድ ገብቷል» የሚለው ማስታወቂያ አይደርሰውም፤ ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እየሄደ እንዲጠይቅ አድርገነው ነበር። ከሁሉም የከፋው ግን ዳታው ነው፤ ከባዶ መገንባት ማለት ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎች፣ ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ክፍሎች፣ በሙሉ እንደገና ማውረድ ማለት ሲሆን፣ ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሚሆነው ይህ ሁሉ በእኛው መስመር፣ በእኛው ጥቅል ይገባ ነበር።

ጊትሀብ አክሽንስን ያስመረጠን ይኸው ነው። እኛ ፑሽ የምናደርገው፣ ማለትም ወደ ጊትሀብ የምንልከው፣ የተለወጡትን መስመሮች ብቻ፣ ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ከባዱ ማውረድና መገንባት የሚካሄደው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ፑሹ ካለቀ በኋላ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው ይቀጥላል፣ ውጤቱም ስንመለስ ይጠብቀናል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ለሁሉም ክፍት ስለሆነው ስለዚህ አገልግሎት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ በሚቀመጥበት የፕሮጀክቱ ማኅደር ውስጥ በቀላሉ መዋቀሩን ያወድሳል፤ እኔ ግን መስመሩ ቀጭን ለሆነበት ሰው ትልቁ ጥቅሙ ሸክሙን ከቤት ማውጣቱ ነው ባይ ነኝ።

አዘገጃጀቱ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ትእዛዞቹ የሚጻፉበት ያምል የተባለው አጻጻፍ ታብን ለማስገቢያ አይቀበልም፤ በስፔስ ብቻ መሰለፍ አለበት፤ ይህን እስክናውቅ ድረስ ጧቱን በሙሉ በባዶ ቦታ ስንጣላ ዋልን። ከዚያ በኋላ የገጠመን የሰዓት ነገር ግን ሰፋ አድርጎ መናገር የሚገባው ነው።

ረጅሞቹን ቴስቶች እኩለ ሌሊት ላይ ለማስኬድ ፈለግን። የሥራ ባልደረባዬ በሰዓቱ ቦታ ላይ 6 ብሎ ጻፈ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሆኑ ነው። አክሽንስ ግን ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይቆጥራል፤ ይህ ሰዓት ቁጥሩን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምርና ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር ነው፤ ካልነገሩት በቀር የእኛን ሰዓት አያውቅም። የዩቲሲ 6 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ስለሆነ፣ የሌሊት የተባለው ሥራ ቢሮ ገብተን ቡና ስናፈላ ይጀምር ነበር። ትክክለኛው ቁጥር 21 ነው። ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ወረፋ ስለሚበዛና መዘግየት ስለሚኖር ደግሞ ደቂቃውን 17 አደረግነው።

ቁጥሩን ባስተካከልንበት ሌሊት የወለድ ቴስቱ ቀይ ሆኖ አደረ፤ ቀን ቀን አንድም ጊዜ ወድቆ አያውቅም። ስንመረምረው አንዱ የኮዱ ክፍል ቀኑን በአዲስ አበባ ሰዓት ይወስዳል፣ ሌላው ደግሞ ከሰርቨሩ ይጠይቃል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እኛ አዲሱ ቀን ላይ ስንሆን ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቀን ወለድ ይጎድላል። የወር መጨረሻ ወለድ በደንበኞቻችን ዘንድ የሚሰላውም እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት የአንድ ማኅበር ሂሳብ ሠራተኛ ደውለው «ልጆች፣ በእጄ ስደምረው አይገጥምም» ብለውን ነበር፤ እኛም ደግመው እንዲደምሩ በትሕትና መክረናቸው ነበር። ደውለን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜንን የሚመለከቱ ቴስቶችም ጨምረናል፤ እንደ 2015 ዓ.ም. ያለው ጳጉሜን ስድስት ቀን ሲሆን፣ የብድር መመለሻ ቀን በስድስተኛው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን በየፑሹ ይፈተሻል።

ወደ ወጪው ስመጣ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ደቂቃ አይቆጠርም፤ እንደ እኛ ዝግ ለሆነ ግን ነጻው አገልግሎት በወር 2,000 ደቂቃ ነው፣ ለቀን ሲካፈል ወደ 66 ደቂቃ ገደማ። የመጀመሪያው ቢልዳችን 9 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ላይብረሪዎቹን በካሽ፣ ማለትም የወረደው ነገር ለሚቀጥለው ጊዜ በሚቆይበት ማከማቻ፣ ካስቀመጥን በኋላ ወደ 4 ወርዷል። ሆኖም ለ7 ቀናት ያልተነካ ካሽ ይሰረዛል፤ በፋሲካ ሰሞን ዘግተን ስንመለስ የመጀመሪያው ቢልድ እንደ ጥንቱ ይረዝማል። እያንዳንዱ ሥራ ወደሚቀጥለው ሙሉ ደቂቃ ተጠጋግቶ ስለሚቆጠር፣ ቴስቶችን በጣም መከፋፈል ፍጥነት ቢሰጥም ደቂቃ ይበላል። አዲስ ፑሽ ሲመጣ የቀድሞውን የሚያቋርጠው ቅንብር ጥቂት መስመር ብቻ ሆኖ ከማንኛውም ብልሃት በላይ ቆጥቦልናል። ትርፍ ደቂቃ መግዛት በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ ለእኛ እንደሌለ እንቆጥረዋለን።

አሮጌው ኮምፒውተርም አልተጣለም። የደረሰኝ ማተሚያው የሚፈተነው እዚሁ ስለሆነ የአክሽንስን ሥራ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬደውን፣ ራነር የሚባለውን ፕሮግራም ጭነንበታል። ራነሩ ራሱ ወደ ጊትሀብ እየደወለ ሥራ ስለሚጠይቅ እንደ ጄንኪንሱ የአድራሻ ጣጣ የለበትም። መብራት ከሌለ ሥራው ወረፋ ይዞ ይቆያል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ግን ይሰረዛል፣ ያኔ በእጅ ማስጀመር ነው። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሰዎች ይህን ባያደርጉ ይመረጣል፤ ማንም እንግዳ በላከው ለውጥ በቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ የፈለገውን ትእዛዝ ሊያስኬድ ይችላል። የእኛ ማተሚያ አሁን በየፑሹ «ሙከራ» የሚል አንድ ደረሰኝ ያወጣል፤ ወረቀቱን ለማትረፍ ከአርብ ከሰዓት በኋላ በቀር ከሶኬቱ ነቅለነው ነው የምንውለው።