ኦሊምፒያድ፣ የፕሮጀክት ውድድር ወይስ ሴሚናር? ለጎበዝ ተማሪ የሚያዋጣው የትኛው ነው?

ሳይንስ የሚወድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለው ወላጅ ወይም መምህር ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ውድድር ትልቅ ነው?» ብሎ ነው። ቢጠየቅ የሚሻለው ግን «ይህ ልጅ ሲሠራ ምን ይመስላል?» የሚለው ነው። «ዓለም አቀፍ የሳይንስ ውድድር» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ጭራሽ አይመሳሰሉም። አንዱ ሰዓት ተይዞ የሚፈተኑበት (ኦሊምፒያድ) ነው፣ አንዱ ወራት የፈጀ ጥናት ይዘው የሚቀርቡበት (የፕሮጀክት ውድድር) ነው፣ ሌላው ደግሞ ከተመራማሪዎች ጋር የሚሰነብቱበት (ሴሚናር)። በአንዱ የሚያበራ ልጅ በሌላው ሲደናገር ማየት የተለመደ ነው። እዚህ የምንመዝናቸው በስም የታወቁትን ነው፤ ሁሉንም እኩል አናይም፣ ብዙ ድካም ውሃ የሚበላው የት እንደሆነ ላይ እናተኩራለን።

ከኦሊምፒያዶቹ አንጋፋው የሒሳቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማኒያ ውስጥ በ7 አገሮች ተጀመረ። አንድ አገር እስከ 6 ተማሪዎች ይልካል። ፈተናው የሁለት ቀን ነው፤ በየቀኑ 3 ጥያቄ በ4 ሰዓት ተኩል ይሠራል፣ እያንዳንዱ 7 ነጥብ ይይዛል፣ ድምሩ 42 ነው። ካልኩሌተር አይገባም፤ እስክርቢቶ፣ ማስመሪያና ኮምፓስ ይበቃሉ። የመጨረሻውን ቁጥር በትክክል መጻፍ ብቻውን ነጥብ አያስገኝም ማለት ይቻላል፤ የሚታረመው ማረጋገጫው ነው። እርማቱም ለየት ይላል፤ የቡድኑ መሪና ምክትሉ ከአራሚዎቹ ጋር ቁጭ ብለው በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ይከራከራሉ። ተማሪው የሞነጫጨረበት ረቂቅ ወረቀትም አብሮ ስለሚሰበሰብ፣ እዚያ ላይ የተገኘች አንዲት ጠቃሚ እርምጃ አንድ ሁለት ነጥብ ልታድን ትችላለች። ስለዚህ ልጆቹ ረቂቃቸውን በላጲስ ማጥፋት የለባቸውም፤ የማያዋጣውን በአንድ መስመር ሰርዘው ማለፍ ይበቃቸዋል።

ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሜዳሊያ ያገኛሉ፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በ1 ለ2 ለ3 ስሌት ይከፋፈላል። ሜዳሊያ ያላገኘ፣ ግን አንድ ጥያቄ ሙሉ 7 ያገኘ የክብር ምስጋና ይሰጠዋል። በልማድ 1ኛውና 4ኛው ጥያቄ ቀለል ያሉ፣ 3ኛውና 6ኛው ደግሞ ወገብ የሚሰብሩ ናቸው። ስለዚህ ጀማሪ ያለፉ ዓመታትን 1ኛና 4ኛ ጥያቄዎች ብቻ ሰብስቦ ቢጀምር ያተርፋል። ትልቁ ስህተት አሥር ደቂቃ ሞክሮ መፍትሔውን መግለጥ ነው። በፈተናው ለአንድ ጥያቄ በአማካይ የሚደርሰው 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልምምዱም ቢያንስ ያንን ያህል መቆየትን መልመድ አለበት። መፍትሔ የሚያነብ ልጅ «ገባኝ» ይላል እንጂ ራሱ አይፈታም።

ፊዚክሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ዋርሶ ላይ ተጀመረ። ከአንድ አገር 5 ተማሪዎች ይሳተፋሉ፤ 5 ሰዓት ለንድፈ ሐሳብ፣ 5 ሰዓት ለሙከራ ይሰጣል፣ ነጥቡም 30 እና 20 ነው። በቂ ቤተ ሙከራ የሌላቸው ቡድኖች የሚሰናከሉት በ20ው ላይ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፣ የአለካክ ልማድ ነው። አንድ ምሳሌ እንይ፤ በክርና በትንሽ ኳስ ፔንዱለም ሠርቶ የስበት ፍጥንጥነትን መለካት። ክሩ 1 ሜትር ሲሆን ኳሱ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የሰዓት መያዣውን የሚጫነው ጣት 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት፣ አንድ ዙር ብቻ የለካ ተማሪ 10 በመቶ ተሳስቷል። ጊዜው በቀመሩ ውስጥ ስኩዌር ስለሚሆን መጨረሻ ላይ ስህተቱ ወደ 20 በመቶ ያድጋል። 20 ዙር ቆጥሮ ለ20 ያካፈለ ግን በዚያው ጣትና በዚያው ሰዓት ስህተቱን ወደ 1 በመቶ አወረደው።

ሁለተኛው ወጥመድ ርዝመቱ ነው። ብዙው ተማሪ ክሩን ኳሱ እስከሚታሰርበት ድረስ ይለካል፤ ትክክለኛው ርዝመት ግን እስከ ኳሱ መሐል ነው። የኳሱ ሬዲየስ 1.5 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ 30 ሴንቲሜትር ክር ላይ ይህ ብቻውን 5 በመቶ ገደማ ያሳስታል። መድኃኒቱ ኳሱን በማይክሮሜትር መለካት ላይሆን ይችላል። ክሩን በአምስት ስድስት የተለያየ ርዝመት ወስዶ፣ የጊዜውን ስኩዌር ከርዝመቱ አንጻር በግራፍ ማስቀመጥ ነው። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ የተረሳችው 1.5 ሴንቲሜትር መስመሩን ከዜሮ ትገፋዋለች፣ ስሎፑን (የመስመሩን ዘንበልታ) ግን አትነካውም። የሚፈለገው ቁጥር የሚወጣው ከስሎፑ ስለሆነ ስህተቱ ራሱን ነቅሎ ይወጣል። የኦሊምፒያድ የሙከራ ጥያቄዎች ደጋግመው የሚፈትኑት ይህንኑ ብልሃት ነው። ክር፣ ኳስና የስልክ ሰዓት ባለበት ሁሉ መለማመድ ይቻላል፤ «ላብራቶሪ የለንም» የሚለው ምክንያት ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያስኬደው።

የኬሚስትሪው እ.ኤ.አ. በ1968 ፕራግ ላይ በ3 አገሮች ተጀመረ፣ 4 ተማሪዎች ይሳተፋሉ፣ ሙከራው 40 ንድፈ ሐሳቡ 60 ነጥብ ይይዛል። ከሁሉም የምንመርጥለት ጠባዩ አዘጋጁ አገር ከወራት በፊት የመዘጋጃ ጥያቄዎች ማውጣቱ ነው፤ ከተለመደው በላይ የሆኑት ርዕሶች በዚያ ይጠቆማሉ። ይህን ሳያይ ዳጎስ ያለ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ተማሪ ጊዜውን ነው የሚያባክነው። የባዮሎጂው እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረ ሲሆን፣ ከስሙ በተቃራኒ ሽምደዳ ብዙ አያስኬድም፤ ግራፍና የሙከራ ውጤት ማንበብ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የኢንፎርማቲክሱ (የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ውድድሩ) እ.ኤ.አ. በ1989 ቡልጋሪያ ተጀመረ፣ 4 ተማሪዎች ለየብቻቸው ይወዳደራሉ፤ በሁለት ቀን 6 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 100 ነጥብ። ጥያቄዎቹ በንዑስ ክፍል ስለሚከፋፈሉ ሙሉውን ያልፈታም ነጥብ ይለቅማል። ለምሳሌ የቁጥሮቹ ብዛት እስከ 1,000 በሆነበት ክፍል ድርብ ሉፕ (አንዱ ድግግሞሽ በሌላው ውስጥ) አንድ ሚሊዮን እርምጃ ብቻ ነው፣ በቅጽበት ያልቃል። ብዛቱ 200,000 ሲሆን ግን ያው ኮድ 40 ቢሊዮን እርምጃ ይሆንና ጊዜው ያልቅበታል። ልምድ ያለው ተወዳዳሪ ቀላሏን ኮድ መጀመሪያ ያስገባል፣ ከዚያ ስለ ሙሉው ያስባል። ሌላው የታወቀ ጥፋት ትላልቅ ቁጥሮችን በ32 ቢት (ኮምፒውተሩ ለአንድ ቁጥር በሚሰጠው ጠበብ ያለ ቦታ) መያዝ ነው፤ ከ2,147,483,647 ሲያልፍ ቁጥሩ ድንገት ነጌቲቭ ይሆናል፣ ኮዱም በትናንሽ ምሳሌዎች ላይ ልክ እየመሰለ በትልቁ ይወድቃል።

ወደ ፕሮጀክት ውድድር ስንመጣ ስሙ የገነነው አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄደው አይሴፍ (ዓለም አቀፉ የሳይንስና የምህንድስና አውደ ርዕይ) ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. 1950 ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ነው፣ በግል ወይም እስከ 3 ሆኖ በቡድን። በቀጥታ መመዝገብ የለም፤ ከእሱ ጋር የተቆራኘ የአካባቢ ወይም የአገር ውድድር ማለፍ ግድ ነው። እንደ ዝግጅት በጣም ጥሩ ነው፣ እንደ ቢሮክራሲ ግን ራስ ያዞራል። ብዙ ጥሩ ጥናት የሚሞተውም ዳኛ ፊት ሳይደርስ በወረቀት ነው።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት፣ መጠይቅ ማስሞላትም ጭምር፣ በሚመለከተው ኮሚቴ መጽደቅ ያለበት መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ነው። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳትና አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ ረቂቅ ተሕዋስያንም እንዲሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ ፊርማ ማሰባሰብ አያድንም፤ ቀኖቹ ይነጻጸራሉ። ደጋግሞ የሚታየው አደጋ ይህ ነው፦ ተማሪው ከስልክ ስክሪን ላይ በጥጥ ናሙና ይወስዳል፣ አጋር የሚባል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል ያለበት ሳህን ላይ ያሳርፋል፣ ሳህኑን ሞቅ ያለ የቤት ጥግ ውስጥ አስቀምጦ ባክቴሪያ ያሳድጋል። ፕሮጀክቱ ያማረ ሊሆን ይችላል፣ ግን ደንቡ ባክቴሪያን ቤት ውስጥ ማሳደግን፣ ጉዳት የሌለውንም ቢሆን፣ ይከለክላል። ናሙናውን ከቤት መውሰድ ይቻላል፤ ማሳደጉ ተገቢ ቤተ ሙከራ ውስጥ መሆን አለበት። በምርምር ተቋም የተሠራ ከሆነ ደግሞ የተቆጣጠረው ባለሙያ ሥራው ሲያልቅ የሚሞላው የራሱ ፎርም አለ።

የቀረው ዝርዝር ነው፣ ግን ያሳስታል። አብስትራክቱ (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ከ250 ቃል አይበልጥም፣ የጥናቱ ጊዜ ከ12 ተከታታይ ወራት አያልፍም፣ የማሳያ ሰሌዳው ስፋት ከ122፣ ጥልቀቱ ከ76 ሴንቲሜትር ማለፍ የለበትም። ጠረጴዛው ላይ ተክል፣ አፈር፣ ኬሚካል፣ ውሃም ቢሆን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ፎቶ ይበቃል። ዳኞቹ ሲመጡ ቀድመው የሚያጣሩት የትኛውን ክፍል ተማሪው ራሱ እንደሠራ፣ የትኛውን አማካሪው እንደሠራለት ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለይቶ መናገር የማይችል ተማሪ በሚያብረቀርቅ ሰሌዳ አይድንም።

ለእኛ ለሥልጠና ከሁሉም የሚበልጠው ግን ብዙም የማይወራለት የወጣት ፊዚክስ ሊቆች ውድድር ነው። ከዓመት ገደማ በፊት 17 ክፍት ጥያቄዎች ይወጣሉ፣ ሁሉም አንድ የተወሰነ ትክክለኛ መልስ የሌላቸው የምርምር ርዕሶች ናቸው። 5 አባላት ያሉት ቡድን መፍትሔውን በ12 ደቂቃ በእንግሊዝኛ ያቀርባል፣ ሌላው ቡድን ይሞግተዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይገመግማል። በሙግቱ የሚወድቁት «ይህ ቀመር ከየት መጣ?» ሲባሉ «ከኢንተርኔት» የሚሉ ናቸው። ጥሩ ሞጋች ደግሞ የራሱን መፍትሔ አያቀርብም፣ የቀረበው ቲዮሪ ከተለካው መረጃ ጋር የት እንደማይገጥም ነው የሚያሳየው። ቡድኑ ወደ ዓለም አቀፉ ባይደርስ እንኳ ጥያቄዎቹ ለማንም ክፍት ስለሆኑ ለአንድ ትምህርት ቤት ክበብ የዓመት ሥራ ይሆናሉ።

ሴሚናሮቹን በአጭሩ እንያቸው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የምርምር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ስድስት ሳምንት ነው፤ ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ነፃ ነው፣ የጉዞ ወጪ ግን የተማሪው ነው። ጥራቱ አያጠያይቅም፣ በሩ ግን እጅግ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረው ሰመር ሳይንስ ፕሮግራም በሥነ ፈለክ ክፍሉ ተማሪዎች አንድ አስትሮይድ በቴሌስኮፕ ተከታትለው ምሕዋሩን በራሳቸው ኮድ እንዲያሰሉ ያደርጋል፤ የጠራ ሥራ ነው። የለንደኑ ዓለም አቀፍ የወጣቶች የሳይንስ ፎረም ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ ከ16 እስከ 21 ዓመት ላሉ፣ በክፍያ የሚካፈሉበት ነው። ንግግር መስማትና ቤተ ሙከራ መጎብኘት ይበዛል፣ ምርምር የለም ማለት ይቻላል፤ ክፍያው የሚከብደው ቤተሰብ ቢቀርበት ብዙ አይጎዳም። በስቶክሆልም በኖቤል ሳምንት የሚካሄደው ሴሚናር ዝነኛ ቢሆንም ዕድሜው ከ18 ጀምሮ ስለሆነ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ገና አይደርስበትም። የሰርን (የአውሮፓ የኒውክሊየር ምርምር ድርጅት) የትምህርት ቤቶች ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ቢያንስ 5 ተማሪዎች ያሉት ቡድን የሙከራ ሐሳብ አቅርቦ ካሸነፈ እውነተኛ የቅንጣት ጨረር ላይ እንዲሠራ ያደርጋል። እዚህ የሚወድቁት ትልቁን የግጭት ማሽን እናገኛለን ብለው የሚያስቡ ናቸው፤ የሚሰጠው አንድ ጨረርና በመንገዱ ላይ የሚቀመጡ ዲቴክተሮች ነው፣ ጥያቄው በጥቂት ቀናት ልኬት የሚመለስ መሆን አለበት።

በኢሜይል «ልጅዎ ተመርጧል» እያሉ ክፍያ የሚጠይቁትን በተመለከተ አራት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎቻቸው በነፃ ይገኛሉ? ውጤት የሚሰጠው በምን ሕግ ነው፣ ሕጉስ ታትሟል? ከተሳታፊው ስንት በመቶ ነው ሜዳሊያ የሚያገኘው? ተማሪው ሳያመለክት እንዴት ተመረጠ? ለመጨረሻው መልስ ከሌላቸው ሦስቱን መጠየቅም አያስፈልግም።