«ቤቶች!» ብለው ቁም ሣጥናችንን ላንኳኩት አናጺ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አናጺ ለምትፈልጉ ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ወላጆች ይህን እጽፋለሁ። ምስጋናው ይቅደም፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የእሳቸው ስልክ ለመደወል ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ይህን ጽሑፍ እንደማያዩት አውቃለሁ። ቢሆንም ሳልጽፈው ብቀር ይከነክነኛል።

ቤታችን ውስጥ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅና ሦስት ዓመቱን የያዘ ወንድሟ አሉ። ሶፋው መርከብ ነው፣ ምንጣፉ ባሕር ነው። ወደ ማዕድ ቤት ለመሄድ ከትራስ ትራስ እየረገጥኩ መሻገር አለብኝ፤ ያለዚያ አዞ አለ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ ከኪሱ አሮጌ ደረሰኝ ፈልጎ ካላሳየ ጫማውን እንኳ ማውለቅ አይፈቀድለትም። የልጆቹ መኝታ ክፍል ያለው ቁም ሣጥን ደግሞ የጋሽ ድምቡሼ ቤት ነው። ጋሽ ድምቡሼን ያየ ሰው የለም። ሽማግሌ ናቸው፣ ብርሃን አይወዱም፣ ካፖርት ለብሰው ይተኛሉ፣ ትልቋ ልጄ እንደምትለው ደግሞ «ሥራ አላቸው»። ምን ሥራ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተነገረንም።

ዘመድ ወዳጅ ይህን ሲሰማ ያላለን ነገር የለም። «ልጅቷ ውሸት እየለመደች ነው»፣ «ሐኪም ይያት»፣ «እናቷ ብቻዋን ብትተዋት ነው»። የመጨረሻዋን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ እናት የሆነች ታውቀዋለች። ያሳረፈኝ አንድ ጥናት ነው። ማርጆሪ ቴይለር የተባሉ የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ሲሆን፣ በጥናቱ ከተካተቱት ልጆች 65 በመቶዎቹ ሰባት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ በሆነ ጊዜ ላይ ምናባዊ ጓደኛ ነበራቸው፤ ነፍስ የተዘራበት አሻንጉሊት ጭምር ተቆጥሮ ማለት ነው። ልጆቹም በአብዛኛው ጓደኛቸው እውነተኛ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የእኔዋማ አንድ ማታ በጆሮዬ «እማዬ፣ ጋሽ ድምቡሼ እኮ የውሸት ናቸው፤ ግን እንዳይሰሙሽ» ብላኛለች።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ዘመመና አልገጥም አለ። እዚህ ላይ ነው ምሬቱ የሚጀምረው። በመጀመሪያ የጠራነው ሰው ቀብድ ተቀብሎ «ነገ በጠዋት» እንዳለ ቀረ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እሱስ ይሁን፣ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ግን መጣ፤ ባይመጣ ይሻል ነበር። ልጄ ከቁም ሣጥኑ ፊት ቆማ «መጀመሪያ ይጠየቁ» አለችው። ነገሩ አልገባውም፤ ነገርኩት። ሳቀና በክርኑ ገፋ አድርጓት መዝጊያውን በርግዶ ከፈተው፤ «ይኸው፣ ባዶ ነው! ትልቅ ልጅ አይደለሽ እንዴ?» አላት። ሲመሽ ድረስ አለቀሰች። የተሰበረውንም አላስተካከለም፤ «ልጆቹ እንዳይገቡበት» ብሎ ከውጭ ትልቅ መቀርቀሪያ መታበትና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ትንሹ እዚያ ውስጥ ገባ። እኅቱ በሩ አልገጥም ሲላት መቀርቀሪያውን ወረወረችበትና ትቆጥር ጀመር። ልጄን ያገኘሁት የሚደበደብ እንጨት ድምፅ ሰምቼ ነው። ፊቱ በላብና በእንባ ርሷል። ዛሬም ሳስበው ጉልበቴ ይከዳኛል። ለሰውዬው ደውዬ ብነግረው የመለሰልኝ «ልጆችሽን ተቆጣጠሪ» የሚል ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልናገርም።

አሁን ስለ ጋሼ።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ስልካቸውን የሰጠችኝ። ባሉት ቀን፣ ባሉት ሰዓት መጡ። ልጄ እንደ ልማዷ ፊት ለፊት ቆመች። እኔ ደግሞ ከአሁን አሁን ምን ይሏት ይሆን ብዬ ተሳቀቅሁ። የመሣሪያ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው መዝጊያውን አንኳኩ።

«ቤቶች! ጋሽ ድምቡሼ፣ አናጺ ነኝ። በርዎን ላድስልዎ ነበር የመጣሁት፣ ይፈቅዱልኛል?»

ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጠፉ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞር ብለው በጣም በቁም ነገር «እኔ ጆሮዬ ደከም ያለ ነው፤ ምን አሉ የእኔ እመቤት?» አሏት። ልጄ ዝም አለች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ትልቅ ሰው አልነበረማ! ጥቂት አሰበችና «ካፖርታቸውን እስኪለብሱ ይጠብቁ ብለዋል» አለች።

ጠበቁ። ቦርሳቸው አጠገብ ቁጭ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። እኔ ነኝ ሳቄን ለመደበቅ ከክፍሉ የወጣሁት።

ሥራቸውን በተመለከተ እኔ የእንጨት ነገር አይገባኝም። ማጠፊያውን ፈቱ፣ የሆነ ነገር ላጉ፣ ብሎን ቀያየሩ፤ መዝጊያው ያለ ድምፅ መግጠም ጀመረ። የገባኝ ሌላው ነው። ያንን መቀርቀሪያ ነቅለው በመዳፋቸው አገላበጡና ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰውዬውን አላሙትም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። «ልጅ የሚገባበት ነገር ሁሉ ከውስጥ ሲገፉት መከፈት አለበት» አሉኝና የድሮ ማቀዝቀዣዎችን ታሪክ አነሱልኝ። እኔም በኋላ አነበብኩት። ከውጭ ብቻ በሚከፈት እጀታ የሚቆለፉ አሮጌ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ገብተው ሲጫወቱ ሕፃናት ታፍነው ይሞቱ ስለነበር አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 በሩ ከውስጥ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ለእኛም በመቀርቀሪያው ፋንታ ትንሽ ማግኔት ገጠሙልን። ትንሹን ልጄን አስገብተው «በአንድ ጣት ግፋ» አሉት። ተከፈተ። እኔ በዓይኔ እስክጠግብ ድረስ ደጋግመው አስገፉት። ያ ልጅ ከዚያ ቀን በፊት ወደ ቁም ሣጥኑ መጠጋት ይፈራ ነበር።

ቀጥለውም ለልጄ «ጋሽ ድምቡሼ መስኮት የላቸውም እንዴ?» አሏት። የአየር ማስገቢያ ሊያበጁ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እሷ በእርሳስ ቦታውን አመለከተች፤ ለወንድሟ ቁመት ዝቅ ያለ ሌላ ተጨመረ። ጎኑን በመሰርሰሪያ በሱት፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አለሰለሱ፤ ከዚያ የልጆቹን አውራ ጣት ተራ በተራ ከትተው አወጡ። አንዱ ላይ የትልቋ ጣት ጠበብ ሲልባት ቀዳዳውን አሰፉት። ጣት ገብቶ የሚያዝበት ቀዳዳ ለልጅ አደገኛ ነው አሉኝ። ይህን እኔ በምን አስበው?

መሳቢያዎቹን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስበው የቁም ሣጥኑ ክብደት ወደ ፊት እንዴት እንደሚያዘነብል አሳዩኝ። ትንሹ እነዚህን መሳቢያዎች ደረጃ አድርጎ «ተራራ» የሚወጣባቸው ናቸው። ሳይለመኑ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጋር በብረት አሰሩት።

ሲጨርሱ ብናኙን ራሳቸው ጠረጉ። የተረፉትን የእንጨት ቁርጥራጮች ጠርዛቸውን አለስልሰው ለልጆቹ ሰጧቸው። የሥነ ልቦና ሊቁ ሌቭ ቪጎትስኪ ስለ ልጆች ጨዋታ ሲያስረዳ ዱላ ለሕፃን ፈረስ እንደሚሆን የጻፈው እኛ ቤት በእነዚህ ቁርጥራጮች ተረጋግጧል፤ ስልክ ሆነዋል፣ ሕፃን ሆነዋል፣ አንዱ ታሞ ተኝቷል። ባትሪ የሚበሉት ውድ አሻንጉሊቶች ጥግ ይዘዋል።

የጠየቁን የተስማማነውን ብቻ ነው። ባለቤቴ ለመስኮቶቹ ልጨምር ቢላቸው «የመስኮቱን ከጋሽ ድምቡሼ ጋር እንተሳሰባለን» ብለው እምቢ አሉ።

እባካችሁ፣ ሥራ ካላችሁ ለእኚህ ሰው ስጡ። መደርደሪያ ይሁን፣ አልጋ ይሁን፣ የማይገጥም በር ይሁን፣ ጥሯቸው። ደግሜ እላለሁ፣ ልጆች ካሏችሁ ሌላ ሰው አትፈልጉ። ሲመጡም ልጆቹን ከክፍሉ አታስወጡባቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ቅር ይላቸዋል። ስማቸውንና ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ ማስቀመጥ አልወደድኩም፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ እልካለሁ። ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ማታ ማታ ግን ስልክ አያነሱም።